ቀኗ የደረሰ ባዝራና የሚጠብቃት ሰው



በዚህ ማረፊያ ቤት ካደሩት ነጋድያን አንዱ፣ ኑሮው በኩዌት አገር የሆነ ወንድም፣ ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት አንድ ጥያቄ ትቶልን ሄደ። ይህ ወንድም ከኩዌት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ካብድ በሚባለው የጋጣና የበረት ሰፈር ተቀጥሮ እንስሳት የሚጠብቅ ነው። አሠሪው ቁመቷ ከሰው ወገብ የማይደርስ አንዲት ድንክ ባዝራ አለችው፤ ባዝራይቱም እርጉዝ ነበረች። በገና ዋዜማ ወገኖቹ ለማኅሌትና ለቅዳሴ ሲሰበሰቡ፣ እርሱ የባዝራይቱ ጡት እንዳጋተ፣ በጡቷም ጫፍ ላይ እንደ ሰም ያለ ነገር እንደ ረጋ ስላየ፣ ትቷት ሊሄድ አልቻለም። ሌሊቱን ሁሉ ከጋጣው በር ተቀምጦ አደረ። ባዝራይቱ ግን በዚያች ሌሊት አልወለደችም፤ በሦስተኛው ሌሊት ወለደች እንጂ። «ስለ አንዲት እንስሳ ብዬ የልደትን ሌሊት ከወገኖቼ ተለይቼ አደርሁ፤ እርሷም አልወለደችም። ያቺ ሌሊት ባክና ቀረች ወይስ ተቆጠረች?» ብሎ ጠየቀ።

ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ባዝራ እንስሳ ናት፤ ድንክ ባዝራ ደግሞ ለጭነትም ለግልቢያም የማትሆን፣ ለሕፃናት መጫወቻና ለዓይን ደስታ የምትቀመጥ ናት የሚል አይታጣም። ነገር ግን በጥያቄው ውስጥ ሁለት ከባድ ጉዳዮች ተሸፍነው አሉ። አንደኛው፣ ሰው ሰዓቱን ለማያውቀው ነገር ሌሊቱን ሊሰጥ ይገባዋልን የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሰው በእጁ ላለች ደካማ ፍጥረት ምን ያህል ባለዕዳ ነው የሚል ነው። እነዚህን ሁለቱን በሽተኛ የምታስታምም እናት ታውቃቸዋለች፤ የሰው ልጅ ለማሳደግ ባሕር የተሻገረች እኅት ታውቃቸዋለች፤ በሌሊት ደወል የሚነሣ መነኵሴም ያውቃቸዋል። ስለዚህ ለመፍረድ ሳንቸኩል አስቀድመን ባዝራ እንዴት እንደምትወልድ እንመልከት፤ የነገሩን ጠባይ ሳያውቁ ስለ ነገሩ መፍረድ ደግ አይደለምና።

ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ያህል ነው። በአማካይ 340 ቀን ይባላል። ነገር ግን በ320ኛው ቀን ወልዳ ጤነኛ ውርንጭላ የምታሳድግ አለች፤ 365ኛው ቀን ካለፈ በኋላ የምትወልድም አለች። ስለዚህ ከድንጉላ የተገናኘችበትን ቀን በመዝገብ የጻፈ ባለቤት እንኳ የምትወልድበትን ቀን ሊቆርጥ አይችልም፤ ከፊቱ ያለው አንድ ቀን ሳይሆን አንድ ወር ተኩል ያህል የሚረዝም ወቅት ነው። ቀኑን መቁረጥ ስላልተቻለ፣ የፈረስ ጠባቂዎች ከጥንት ጀምሮ ሰውነቷን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ተማሩ።

የሚነበበውም ይህ ነው። ከመውለዷ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ጡቷ መሙላት ይጀምራል። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ከጅራቷ ሥር ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ ይላላል፤ ቀድሞ ጠንካራ የነበረው ሲነኩት እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ወደ ጎን ሰፍቶ የነበረው ሆዷ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብልቷም ይላላል፣ ይረዝማል። ከአራት እስከ ስድስት ቀን ሲቀራት የጡቷ ጫፍ ይወጠራል፤ ከአንድ እስከ አራት ቀን ሲቀራት ደግሞ የእንገር ጠብታ ወጥቶ ይደርቅና እንደ ንብ ሰም ያለ ቢጫ ነገር በጡቷ ጫፍ ላይ ይታያል። ሰዓቷ ሲደርስ ትቁነጠነጣለች፤ ወደ ጎኗ ዞር ብላ ሆዷን ታያለች፤ ትተኛለች፣ ትነሣለች፤ ጅራቷን ታነሣለች፤ በአንገቷና በጎኗ ላብ ይወጣታል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ያሳስታል። ጡቷ አጋቶ፣ ሰሙም ታይቶ፣ ከዚያ በኋላ ሳምንታት የምትቆይ ባዝራ አለች። ምንም ሰም ሳይታይባት ማታ እህሏን በሰላም በልታ ሌሊቱን ወልዳ የምትገኝም አለች። መቁነጥነጧና ላቧ ደግሞ የሆድ ቁርጠት ከያዘው ፈረስ ምልክት ጋር ይመሳሰላል። በዘመናችን ብልሃተኞች ከጡቷ ጥቂት ጠብታ አልበው በመመርመሪያ ይለካሉ፤ መውለጃዋ ሲቃረብ በወተቷ ውስጥ ያለው ካልሲየም ይጨምራልና፣ የወተቱም አሲድነት ከፍ ይላልና። ይህ ምርመራ ከሌሎቹ ምልክቶች ይልቅ የታመነ ነው፤ ግን የታመነበት ወገን አስተውሎ ለሚያይ ትምህርት አለው። «ዛሬ ሌሊት አትወልድም» ብሎ ሲያመለክት ከሞላ ጎደል የሚያመለክተው እውነቱን ነው፤ «ደርሳለች» ብሎ ሲያመለክት ግን ዛሬ ይሁን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ለይቶ አይነግርም። የሰው ጥበብ እዚህ ድረስ ደርሶ፣ የማይሆንበትን ሰዓት ለማወቅ ተፈቀደለት፤ የሚሆንበት ሰዓት ግን እንደ ተሸፈነ ቀረ። በመጽሐፈ ኢዮብ እግዚአብሔር የኢዮብን ዕውቀት ሲመረምር፣ የዱር እንስሳት ስለሚወልዱበት ወራት መጠየቁ ያለ ነገር አይደለም። ያ ጥያቄ ለጋጣ እንስሳም ቢሆን እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ አላገኘም።

እንግዲህ ምልክት ሰዓቱን የማይነግር ከሆነ ለምን ይጠቅማል? የሚጠቅመው ለመዘጋጀት ነው። ጡቷ መሙላቱን ያየ ሰው ጋጣውን ይጠርጋል፤ ንጹሕ ጭድ ይጎዘጉዛል፤ መብራት ያዘጋጃል፤ የእንስሳት ሐኪም የት እንደሚገኝ ይጠይቃል፤ ንጹሕ ጨርቅ በአጠገቡ ያኖራል። ምልክቱ «አሁን ነው» አይልም፤ «ከእንግዲህ ወዲህ ሳትዘጋጅ አትገኝ» ይላል እንጂ። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት ምልክትን እንደ ሰዓት ስለሚያዩት ነው። ሰዓት ነው ብለው ያመኑት ምልክት ሲያልፍባቸው ይቈጣሉ፤ ተታለልን ይላሉ፤ በሁለተኛው ሌሊት ይተኛሉ፤ ባዝራይቱም በሦስተኛው ትወልዳለች።

ከዚህ ላይ ለዚያ ወንድም ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ እናገኛለን። የምትወልድባትን ሌሊት ብቻ ከሌሎቹ ለይቶ መጠበቅ የሚቻለው ሰው የለም። ሰዓቱ የተሸፈነ ስለሆነ ያቺ አንዲት ሌሊት ብቻዋን አትሸጥም፤ ከወንድሞቿ ሌሊቶች ጋር ታስራ ነው የምትሸጠው። ሦስተኛዋን ሌሊት ያገኘ ሰው የመጀመሪያዋንና የሁለተኛዋን ዋጋ የከፈለ ነው። ስለዚህ ምንም ያልሆነባት ሌሊት ባከነች አይባልም፤ የተከፈለ ዋጋ ናት። በሽተኛ ያስታመመ ሰው ይህን ያውቃል፤ ከሠላሳ ሌሊት አንዲቱ ክፉ ትሆናለች፣ የትኛዋ እንደሆነች ግን ሁሉም ካለፉ በኋላ ብቻ ይታወቃል።

አሁን ደግሞ ስለ አጠባበቁ እንናገር። አብዛኞቹ ባዝሮች የሚወልዱት በሌሊት ነው። ፈረስ በጥንት ጠባዩ የሜዳ እንስሳ ነው፤ ጠላቱን የሚያመልጠው በሩጫ ነውና፣ በምጥ ላይ ያለች ባዝራና ገና ያልቆመ ውርንጭላ ለአውሬ ቀላል ሲሳይ ናቸው። ጨለማው ይሸፍናታል፤ ሲነጋም ውርንጭላው ከእናቱ ጋር ለመሮጥ ይደርሳል። ከዚህም የተነሣ ባዝራ ጸጥታ ካላገኘች የምጧን መጀመሪያ ልታዘገየው ትችላለች። ሰው ሲመላለስባት፣ መብራት ሲበራባት፣ ድምፅ ስትሰማ ትቆያለች፤ ጠባቂው ቡና ሊጠጣ ዞር ሲል ትወልዳለች። ይህን የፈረስ ሰዎች ሁሉ እየሣቁ ያወሩታል፤ እኛ ግን ከሣቁ ጀርባ ያለውን ፍሬ ነገር እንፈልግ።

ጠባቂ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለማየት የሚጠብቅ ነው፤ ሌላው ለእርሷ የሚጠብቅ ነው። ለማየት የሚጠብቀው በየሩብ ሰዓቱ ይገባል፤ ጡቷን ይነካል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንደሚባለው፣ ባዝራ ከእርሱ በፊት መውለድ የማታውቅ ይመስለዋል። ለእርሷ የሚጠብቀው ራቅ ብሎ በጨለማ ይቀመጣል፤ ጆሮውን ይከፍታል፤ እንዳላየችው ሆኖ ያያታል። ሁለቱን ለመለየት አንድ መፈተኛ አለ። ጠባቂው ለጥቂት ጊዜ ዞር ባለበት ሰዓት ባዝራይቱ በሰላም ብትወልድ፣ ለማየት የሚጠብቀው «አመለጠኝ» ብሎ ያዝናል፤ ለእርሷ የሚጠብቀው ግን «ተመስገን» ይላል። ይህ መፈተኛ ለባዝራ ጠባቂ ብቻ የተሰጠ አይመስለኝም። በበጎ ሥራ ሁሉ ውስጥ የምናየው ነገር እኛን ይሁን ወይስ የምናገለግለውን፣ በዚህ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ዝምታ ብቻውን በጎነት አይደለም። ላም ስታምጥ ጎረቤት ለመጥራት ጊዜ አለ፤ ባዝራ ስታምጥ ግን ጊዜ የለም። የሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ በኋላ ውርንጭላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መውጣት አለበት። በደኅናው ሥርዐት ሁለት የፊት እግሮች፣ አንዱ ከሌላው ጥቂት ቀድሞ፣ ከእነርሱም በላይ አፍንጫው ይታያል፤ ውሃ ውስጥ የሚዘል ዋናተኛ እጆቹን ዘርግቶ ራሱን በመካከል እንደሚያደርግ ያለ ነው። አንድ እግር ብቻ ቢታይ፣ ወይም ራሱ ወደ ኋላ ታጥፎ ቢቀር፣ ሐኪም ወዲያው መጠራት አለበት። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው። ቀድሞ የሚታየው ከረጢት ነጣ ያለ መሆን ሲገባው እንደ ከፋይ ጨርቅ ቀይ ሆኖ ከወጣ፣ የእንግዴ ልጁ ከማኅፀኗ ያለ ጊዜው ተላቋል ማለት ነው፤ ውርንጭላውም ገና በውስጥ ሳለ የሚተነፍስበት ተቋረጠበት ማለት ነው። ያን ጊዜ ሐኪም እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም። ጠባቂው ራሱ ከረጢቱን ቀዶ ውርንጭላውን ከእናቱ ምጥ ጋር አብሮ በመሳብ ማውጣት አለበት። ለዚህ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው።

እነሆ፣ አሥር ሌሊት እጁን ሰብስቦ የተቀመጠ ሰው በአሥራ አንደኛው ሌሊት በቅጽበት እጁን መዘርጋት ይጠበቅበታል። ብዙ ሰዎች ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያውቃሉ። ታጋሹ እስኪረፍድ ይታገሣል፤ ፈጣኑ ሳይጠሩት ይገባል። ንቃት የሚባለው ግን ሁለቱም በአንድ ሰው ሲገኙ ነው፤ ደኅና ሲሆን ዝም ማለት፣ ክፉ ሲሆን አለመዘግየት። ለዚህም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቀዩን ከነጩ የማይለይ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ባይከድን እንኳ አልጠበቀም።

ከዚህ ላይ አንድ አባት እንዲህ ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል፦ «በአገራችን ደጋ ባዝራ በመስክ ትወልዳለች፤ ባለቤቱም ማለዳ ሲወጣ ውርንጭላው ቆሞ ያገኘዋል። ማን ተቀምጦ አደረላት?» ይህ እውነት ነው። በአገው አዊ፣ በሰላሌ፣ በባሌ፣ ፈረስ የሰው የዕለት ኑሮ ባልንጀራ በሆነበት አገር ሁሉ እንዲህ ነው። የአገው አዊ ፈረሰኞች በ1932 ዓ.ም. ማኅበር አቁመው፣ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ድል ለዋሉት ፈረሶች መታሰቢያ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓል ያከብራሉ። በዚያ ሜዳ ላይ ከሚጋልቡት ፈረሶች ብዙዎቹ ያለ ጠባቂ በሌሊት እንደ ተወለዱ መገመት ይቻላል። የደጋው ፈረስ መጠነኛ ነው፤ ብርታቱና የእናቱ አካል እርስ በርሱ ተመጣጥኖ ከተራራው ጋር የኖረ ነው።

ድንክ ፈረስ ግን እንዲህ አይደለም። ሰዎች ትንሹን ከትንሹ እያጋጠሙ በብዙ ትውልድ ያሳነሱት ነው። በአርጀንቲና የፋላቤላ ቤተሰብ ስሙን የሰጠው ዝርያ በዚህ መንገድ መጣ፤ በአሜሪካ ከሚገኙት የድንክ ፈረሶች መዝገቦች አንዱም ቁመታቸው ከ86 ሴንቲሜትር ያህል የማይበልጠውን ብቻ ይቀበላል። ቁመቱ ሲያንስ ግን ሁሉም እኩል አላነሰም። የድንክ ውርንጭላ ግንባሩ የጎበጠ፣ ራሱም ለሰውነቱ ትልቅ ነው፤ የሚወጣበት መንገድ ደግሞ ጠባብ ነው። ከዚህ የተነሣ የድንክ ባዝራ ምጥ ከትላልቆቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይሰናከላል። አንዳንዶች ውርንጭላው እንዳይገዝፍ ብለው ምግቧን ይቀንሱባታል። ይህ ርኅራኄ የሚመስል ጭካኔ ነው፤ ድንክ ባዝራ በእርግዝናዋ መጨረሻ ምግብ ብታጣ የገዛ ስቧ ወደ ደሟ ይጎርፋል፣ ጉበቷም ይጎዳል፣ እስከ ሞትም ያደርሳታል።

ስለዚህ የመስኳ ባዝራና የጋጣዋ ድንክ ባዝራ አንድ አይደሉም። የመስኳን ባዝራ ተፈጥሮ ይጠብቃታል፤ ድንኳን ግን ሰው ከተፈጥሮ ጥበቃ አውጥቶ ወደ ራሱ ጥበቃ አስገብቷታል። በኩዌት ምድር ደግሞ ይህ ጥገኝነት እጥፍ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም.፣ ሚትሪባህ በተባለው የኩዌት በረሓ ሙቀቱ 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ አገር በግንብ ውስጥ ያለች እንስሳ ውሃዋንም ጥላዋንም ሣሯንም ራሷ ልትፈልግ አትችልም። ጌታዋ ካላቀረበላት የላትም።

ዕዳውም ከዚህ ይወለዳል። ያሳነሰ ይጠብቅ፤ ጥገኛ ያደረገ አይተኛ። ሰው ለዓይኑ ደስታ ሲል የአንዲትን ፍጥረት ምጥ ካከበደ፣ ያንን ሌሊት አብሯት ማደር ቸርነቱ አይደለም፤ ግዴታው ነው። እንዲያውም ከዚህ አንድ ብርቱ ትእዛዝ ይከተላል፦ ሌሊቱን ለመስጠት ያልተዘጋጀ ሰው ባዝራይቱን ከድንጉላ አያገናኝ። ከአሥራ አንድ ወር በኋላ የሚመጣው ምጥ የሚወሰነው በዚያች ቀን ነውና፣ ጥበቃውም የሚጀምረው ጡቷ ሲሞላ አይደለም፤ «ይህን ልጠብቅ እችላለሁን?» ብሎ ባለቤቱ ራሱን በሚጠይቅበት ቀን ነው።

ነገር ግን በእውነቱ የሚጠብቀው ማን ነው? ዓረቦች ስለ ፈረስ እናት ያላቸው ክብር ጥንታዊ ነው። የፈረሳቸውን የዘር ስም የሚቆጥሩት በእናቲቱ በኩል ነው፤ በጀህራ በሚገኘው በይት አል-ዐረብ በተባለው የዓረብ ፈረሶች ማእከልም ዘራቸው የታወቀ ፈረሶች ይጠበቃሉ። በበረሓ የነበሩት አባቶቻቸው የተመረጠችውን ባዝራ ከድንኳናቸው አጠገብ ያስሯት ነበር፤ ስለዚህ ጌታዋና ጠባቂዋ አንድ ሰው ነበር። ዛሬ ግን ባለቤቱ ብዙ ጊዜ በከተማ ይተኛል፤ ጋጣው በሩቅ ነው። ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሌላ አገር ሰው በሆነበት በኩዌት፣ ከጋጣው በር የሚቀመጠው ሰው ከሕንድ ወይም ከሱዳን ወይም ከባንግላዴሽ ወይም ከእኛ አገር የመጣ ነው። ዛሬ በጋጣው ውስጥ ካሜራ ይሰቀላል፤ ባለቤቱም በሐወሊ ወይም በሳልሚያ አልጋው ላይ ሆኖ በስልኩ ያያል። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ባዝራይቱንም አይረብሻትም። ሆኖም ዓይንን ያረዝማል እንጂ እጅን አያረዝምም። ቀዩ ከረጢት ሲታይ የሚያስፈልገው እጅ ነው፤ እጁም የዚያ የተቀጠረው ሰው ነው።

እኛም በዚህ ረገድ ፍጹማን አይደለንም። አባቶቻችን ታላቁን ሰው በፈረሱ ስም ይጠሩት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። የፈረሱ ስም ለጌታው ክብር ሆነ፤ ፈረሱን የወለደችው ባዝራ ስም ግን አልተጻፈም። በዚያች ሌሊት አጠገቧ የነበረ ባልደራስም ቢኖር፣ የእርሱን ስም የሚያውቅ የለም። ስም አለመጻፉ ዕዳውን አይፍቀውም።

ሌሊቱን ለሌላ ሰው የሸጠ ሰው ቀኑን ማግኘት አለበት። ባለቤቱ ጥበቃውን በገንዘብ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ዕዳውን ግን በሙሉ ሊያስተላልፍ አይችልም። ሌሊት እንዲተጋ ያዘዘውን ሰው ቀን እንዲሠራ ካስገደደው፣ አንዱን ሰው እንደ ሁለት ሰው በልቶታል። በኩዌት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 68 የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የሥራው ጊዜ በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ደንግጓል። በዚያ አገር የሰው ሕፃን አቅፈው፣ የሰው ሽማግሌ ደግፈው ሌሊቱን የሚያጋምሱ ብዙ እኅቶቻችን አሉ። የእነርሱ ሌሊት ከጋጣው ሌሊት ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ሕጉ ሰዓቱን ይቆጥራል፤ በሌሊት የተቀመጠው ሰው መልሶ የሚያርፍበትን ቀን መጠበቅ ግን የባለቤቱ የኅሊና ሥራ ነው።

አሁን ወደዚያ ወንድም ጥያቄ ሁለተኛ ክፍል እንመለስ። ከማኅሌትና ከቅዳሴ ቀርቶ ከባዝራይቱ ጋር ማደሩ በደል ነውን? ጌታችን በሰንበት ጉድጓድ ውስጥ ስለ ወደቀ እንስሳ ሲናገር፣ ማውጣቱን እንደ ታወቀ ነገር አድርጎ ነው የተናገረው፤ ጠያቂዎቹም መልስ አላገኙም። የዚህ ወንድም ልዩነቱ፣ እንስሳይቱ ገና ጉድጓዱ አፋፍ ላይ መሆኗ ብቻ ነው። በአጠገቧ ሌላ ሰው ካልነበረ፣ ምልክቱንም በዓይኑ ካየ፣ በዚያች ሌሊት ስፍራው እዚያ ነበር። ነገር ግን ይህ ቃል ለሰነፍ ሽፋን እንዳይሆን ድንበሩን እናስምር። ሌላ ጠባቂ እያለ «እኔ ካልኖርሁ አይሆንም» ማለት ትጋት አይደለም፣ ትዕቢት ነው፤ ሁለት ሰዎች ካሉ ሌሊቱን ይካፈሉት፤ ምልክት ሳይታይ ባዝራን ምክንያት አድርጎ ከጸሎት መቅረትም ራስን ማታለል ነው። ደግሞም አሠሪው አንድ ቀን አስቀድሞ ጠይቆ ሌላ ሰው ሊተካ ይችል ነበር፤ ጥፋት ካለ በመጀመሪያ የሚፈለገው ከዚያ ዘንድ ነው።

ውርንጭላው ከተወለደ በኋላ ስለሚሆነውም ጥቂት ልጨምር፤ ብዙ ጥበቃ የሚበላሸው «ተወለደ» ከተባለ በኋላ ነውና። እትብቱን ለመቁረጥ አትቸኩሉ፤ እናቲቱ ስትነሣ ወይም ውርንጭላው ሲንቀሳቀስ ራሱ ይበጠሳል። ውርንጭላው በአንድ ሰዓት ውስጥ መቆም፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጥባት፣ የእንግዴ ልጁም በሦስት ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። ከዚህ ያለፈ እንደሆነ ሐኪም ይጠራ። ውርንጭላ በእናቱ ማኅፀን ሳለ በሽታ የሚከላከልበትን ኀይል ከደሟ አይቀበልም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ብቻ ነው፤ አንጀቱም ያንን ኀይል ለመቀበል የሚከፈተው ለአንድ ቀን ያህል ነው፣ ከዚያም እየቀነሰ ይዘጋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ካመለጡ በሌላ ቀን ወተት አይካሱም። ሰኮናው ደግሞ ሲወለድ የእናቱን ማኅፀን እንዳይቀድ በለስላሳ ሽፋን የተሸፈነ ነው፤ ቆሞ ሲራመድ ያ ሽፋን ይረግፋል። ከሰው ትጋት በፊት እናቲቱን የጠበቃት ሌላ ትጋት እንደ ነበረ ከዚህ እናያለን።

ውርንጭላው ጠብቶ ሲተኛ፣ እናቲቱም ድርቆሽዋን መብላት ስትጀምር፣ የጠባቂው ሥራ ተፈጸመ። መብራቱን ያጠፋል፤ እጁን ይታጠባል፤ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ይሄዳል። ውርንጭላው ማን እንዳደረለት አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። አንተ በኩዌት ያለህ ወንድም ሆይ፣ መልሳችን ይህ ነው፦ ሌሊትህ ተቆጥራለች። አንተ ባለ ጋጣ ሆይ፣ ለዚያ ሰው በማግሥቱ የሚተኛበትን ቀን ስጠው። እኛም በዚህ ማረፊያ ቤት የምናድር ሁሉ፣ በአጠገባችን ያለ በሽተኛ ወይም ደካማ ነጋዴ ቢኖር፣ ዛሬ ማታ ማን እንደሚጠብቀው ከመተኛታችን በፊት እንጠያየቅ።